ጥቁር በርኖስና የእኩለ ቀን ፀሐይ፦ ለሥራዬ ፎቶ ሳስነሣ የተበላሸውና ያስተካከልኩት

ደብረ ብርሃን ሆኜ የመንዝ በርኖስና ባና እያሠራሁ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ስላሉ ሱፉን ከመዳሰሳቸው በፊት የሚያዩት ፎቶውን ነው፤ ከዕቃው ጋር ደግሞ የሚሸጠውን ሰው ያያሉ። ስለዚህ እኔንና ሥራዬን አንድ ላይ የሚያሳዩ ፎቶዎች አቀድኩ። የመጀመሪያው ቀን ባዶ እጄን አስቀረኝ፤ ሁለተኛው ተሳካ። ካሜራውም ባለሙያውም ያው ነበሩ። በዋናነት የተለወጡት ሰዓቱና ከበርኖሱ ሥር የለበስኩት ልብስ ናቸው። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቀላሉን ባጭሩ ልጨርሰው። ፎቶው የት እንደሚውል ቀድሜ ጻፍኩ። የቴሌግራም መለያ ክብ ሆኖ ስለሚቆረጥ ፊት መሃል ይሁን፣ ዙሪያውም ይሰፋ። የፌስቡክ ሽፋን ኮምፒውተር ላይ ወደ ጎን በጣም ረዝሞ ስለሚታይ ሰው አንድ ጎን ቆሞ ሌላው ጎን ክፍት ይተው። ለቲክቶክ በቁም፣ 9 በ16። ለቢዝነስ ካርድ 9 በ5.5 ሳንቲ ሜትር ማለት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1063 በ650 ፒክስል ነው። ከዚያ 12 ፎቶ ዘረዘርኩ፦ ሦስት የፊት፣ አራት በሥራ ላይ (ሱፍ ስመርጥ፣ ፈትሉን በጣቴ ስፈትሽ፣ ከሸማኔው ጋር፣ በርኖስ ለደንበኛ ስለካ)፣ ሦስት የእጅና የጨርቅ ቅርብ፣ ሁለት ሰፊ። ከ12 በላይ አታቅዱ፤ ዝርዝሩ ሲረዝም ብርሃኑ ያልቅባችኋል።

ሥልጠና ላይ የሚነገረን ስቱዲዮ ገብታችሁ፣ ሱፍ ልብስና ከረባት አድርጋችሁ፣ ነጭ ጀርባ ላይ ተነሡ ነው። አልስማማም። ያ ዓይነት ፎቶ ለመታወቂያ ይሆናል። በርኖስ የሚሸጥ ሰው በርኖስ ለብሶ፣ ከጀርባው ሽመና ቤቱ እየታየ ነው መነሣት ያለበት።

የተበላሸው ግን እዚሁ ላይ ነው።

በርኖሱ ጥቁር ነው። ከሥሩ ያደረግኩት ነጠላ ብሩህ ነጭ። ካሜራ በራሱ ሲለካ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። ክፈፉ (ፎቶው ውስጥ የሚገባው ቦታ) በጥቁር ሱፍ ሲሞላ ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ በርኖሱ አመድ ይመስላል፣ ግንባርና ጉንጭ ይቃጠላል። ነጠላው ክፈፉን ሲይዘው ደግሞ ብርሃን ይቀንሳል፤ ነጩ ይተርፋል፣ ፊት ይጠቁራል፣ በርኖሱ ክርና እጥፋት የሌለው ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። በአንድ ቀን ሁለቱም ደርሰውብኛል። የተቃጠለ ነጭን የሚመልስ ኤዲቲንግ የለም። የጨለመውን፣ በሮው (ካሜራው ባልጨመቀው ጥሬ ፋይል) ከተነሣ፣ በከፊል ማውጣት ይቻላል።

ነገሩን ያባባሰው ሰዓቱ ነው። ለሰፊው ፎቶ የመረጥኩት ግቢ ፈቃድ ይጠይቃል። ደብዳቤ ይዤ ሄጃለሁ፤ በር ላይ ያገኘኋቸው ኃላፊ ግን «ሰዓት አልተጻፈበትም፣ ካሜራ የሚይዘውም ሰው አልተጠቀሰም» ብለው መለሱኝ። እስኪስተካከል 5 ሰዓት ከ40 ሆነ። ቀኑን የጻፈ ሰው ሰዓቱንም መጻፍ እንዳለበት አስቀድሞ የሚነግር አንድ ማስታወቂያ በሩ ላይ ቢለጠፍ ምን ነበረበት? በዚያ ሰዓት ወደ ቤት መመለስ ነበረብኝ፤ አልተመለስኩም። ባለሙያው «ብርሃኑ በቂ ነው» ሲለኝ አመንኩት። ብርሃኑ ብዙ ነበር፤ አቅጣጫው ግን የማይረባ ነበር።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ብርሃን ብዙም አይበተንም፤ ፀሐይ የነካው ያበራል፣ ጥላው ይጠቁራል። በኅዳር፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ ፀሐይ 60 ዲግሪ ገደማ ወጥታለች። የቅንድብ ጥላ ዓይንን ይሸፍነዋል፤ ከአፍንጫ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ይወርዳል። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ይብሳል፤ በዚያ ወቅት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ ጠዋት በሰዓት 15 ዲግሪ ገደማ ታክላለች። ስለዚህ ለስላሳው ብርሃን ቶሎ ያመልጣል። በኅዳር 3 ሰዓት ተኩል ላይ 40 ዲግሪ ስለምትደርስ ሜዳ ላይ የፊት ፎቶ ከ3 ሰዓት በኋላ አልነሣም፤ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ተኩል በፊት አልጀምርም።

ሁለተኛውን ቀን እንዲህ አደረግሁ። ብሩህ ነጩን ነጠላ ትቼ ክሬም የመሰለ፣ ብዙ የታጠበ ጋቢ ለበስኩ። በጥቁሩና በነጩ መካከል ያለው ርቀት ሲጠብ ካሜራው ሁለቱንም ይይዛል። ይህ አንድ ለውጥ ካሜራ ከመቀየር በላይ ረድቶኛል።

የፊት ፎቶዎቹን ሽመና ቤቱ በር ላይ አነሣን፤ እኔ ከደፉ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ፣ ፊቴ ወደ ውጭ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሳትነካኝ። በጨለመው ጎኔ፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ፣ ብርሃን እንዲመልስልኝ ሁለት ሜትር አቡጀዲ በእንጨት ወጥረን አቆምን። ከሱቅ ሪፍሌክተር መግዛት አያስፈልግም። የብርሃን ልኬቱን ፊት ላይ ብቻ በስፖት (አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ በሚለካው ዘዴ) ወሰድን፤ ክፈፉን በርኖሱ ብቻ ሲሞላው ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ወደ ማይነስ 1 አወረድነው። የካሜራው ማስተካከያ፦ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 400፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 4፣ የመዝጊያው ፍጥነት 1/200 ሰከንድ፣ ሌንስ 85 ሚሊ ሜትር። በስልክ የምትነሡ ሁለት ሜትር ራቁና 2 እጥፍ አቅርቡ፤ ሰፊው ሌንስ ከቅርብ አፍንጫን ያገዝፋል። ስክሪኑ ላይ ፊትን ተጭናችሁ ቆዩ፤ ሲቆለፍ ጣታችሁን ትንሽ ወደ ታች ሳቡ።

የጨርቁን ቅርብ ፎቶ ግን በቀጥታ ፀሐይ አስነሡ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከሩብ እስከ 2 ሰዓት። ብርሃን ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመጣ እያንዳንዱ የፈትል ክር የራሱን ጥላ ይጥላል፤ የእጅ ሥራ መሆኑ የሚታየው ያኔ ነው። ፍላሽ ከፊት ሲበራ ያን ሁሉ ያጠፋዋል፤ በርኖሱ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይመስላል።

ውርጩን አትርሱ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ተለዋጩን የውስጥ ኪስ ውስጥ ያዙ። ከውጭ ሞቅ ወዳለ ክፍል ስትገቡ ካሜራውን ከነቦርሳው ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ አለዚያ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል። የራሳችሁም ጣትና ከንፈር ይደርቃል፤ ቅቤ ቀባ ማድረግ ለእጅ ፎቶ ትልቅ ልዩነት አለው።

ፈታዮቹን እማማዎች ከማንሣታችን በፊት ፎቶው የት እንደሚለጠፍ ነግሬ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ወሰድኩ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። አንዷ «እጄ ይታይ፣ ፊቴ ይቅር» አሉኝ፤ እንዳሉት ሆነ፣ እንዝርቱን የያዘው እጃቸው ከሁሉም ፎቶ በላይ ሰው የሚጠይቀኝ ሆኗል።

ስለ ግቢው ደብዳቤ፦ ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ የባለሙያውን ስምና የካሜራውን ዓይነት ጻፉ፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ማኅተም አስደርጉ። ፈቃዱ ከ2 ሰዓት ተኩል ካለፈ ግን የዚያን ቀን ተዉት። እኔ በመጨረሻ ሰፊዎቹን ፎቶዎች ሽመና ቤቱ ግቢ ውስጥ አነሣኋቸው፤ ከዚያኛው ግቢ የተሻሉ ሆነዋል።

የባለሙያውን ክፍያ በሁለት ዙር ስጡ። ፎቶው በቴሌግራም እንደተለመደው ከተላከላችሁ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ ለስልክ ይበቃል፣ ለባነር አይሆንም። በፋይል መልክ ወይም በፍላሽ ዲስክ ተቀበሉ፣ ያለ ባለሙያው አርማ፣ ሮውን ጨምሮ። እኔ ቀሪውን ግማሽ የከፈልኩት 12ቱንም ፋይሎች ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ፣ የበርኖሱን ክር አጉልቼ ካየሁ በኋላ ነው።