ከሲያትል ወደ ፖርትላንድ፦ ድልድዩን ማን አዘገየው?

ከሲያትል ፖርትላንድ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሲያትል ያለን ሐበሾች መንገዱን በደንብ እናውቀዋለን። ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ። ፖርትላንድ ያለችበት የኦሪገን ግዛት የሽያጭ ታክስ ስለሌለው ዕቃ ሊገዛ የሚወርድም አይጠፋም። ችግሩ የሚጀምረው ቫንኩቨር ሲደረስ ነው። የካናዳዋን ማለቴ አይደለም፤ የዋሽንግተን ግዛት መጨረሻ ላይ፣ ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ያለችውን ነው።

አይ ፋይቭ ከሜክሲኮ ድንበር እስከ ካናዳ ድንበር የሚዘልቅ አውራ ጎዳና ነው። እዚህ ጋ ወንዙን የሚሻገረው ጎን ለጎን በቆሙ ሁለት የብረት ድልድዮች ነው። ወደ ሰሜን የሚያሳልፈው የተከፈተው በየካቲት 1917 እ.ኤ.አ. ነው። ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የደፉት በዚያው ወር ነበር! ወደ ደቡብ የሚያሳልፈው በ1958 ተጨመረ። በቀን ከ130 ሺህ በላይ መኪና ያልፍባቸዋል። መኪና ቢበላሽ ዳር የሚያዝበት ቦታ የለም። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን መሠረታቸው ነው፤ አሸዋ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው የቆሙት። አካባቢው ደግሞ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያሰጋው ነው።

በዚህኛው ጉዞ ቫንኩቨር የሚኖሩ አንድ ጋሼ አብረውኝ ነበሩ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ድልድዩ ጋ ስንደርስ ቀይ መብራት በራ፣ መዝጊያውም ወረደ። ሁሉም ሞተሩን አጠፋ። የድልድዩ መሃል አስፋልቱም ብረቱም እንዳለ በሁለቱ ማማዎች መካከል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ግዙፎቹ ማመዛዘኛዎች በአንጻሩ ወረዱ። ከሥር ክሬን የጫነ ጀልባ ቀስ እያለ አለፈ። ያን ያህል ርዝመት ባለው አውራ ጎዳና ላይ መኪና ሁሉ ቆሞ ጀልባ ያሳልፋል።

«ይቀየራል ሲባል ስሰማ ልጆቼ አድገው ዩኒቨርሲቲ ጨረሱ» አሉኝ ጋሼ።

እውነታቸውን ነው። ድልድዩን ለመቀየር የታሰበው፣ ኮሎምቢያ ሪቨር ክሮሲንግ የተባለው የመጀመሪያው ፕሮጀክት ለጥናትና ለንድፍ ብቻ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጅቷል። በ2013 መጀመሪያ የኦሪገን ምክር ቤት 450 ሚሊዮን ዶላር አጸደቀ፤ ዋሽንግተንም ያንኑ ያህል እንድታዋጣ ነበር የታሰበው። ቫንኩቨር ያለችበት የክላርክ ካውንቲ ነዋሪዎች ግን ሁለት ነገር አልዋጥ ብሏቸው ነበር፤ የመሻገሪያ ክፍያውና ከፖርትላንድ በድልድዩ ተሻግሮ የሚመጣው ቀላል ባቡር (የከተማ ኤሌክትሪክ ባቡር)። ለባቡሩ ማንቀሳቀሻ የሚውል የሽያጭ ታክስ ጭማሪን በኅዳር 2012 በድምፃቸው ጥለውታል።

ከዚያ በግንቦት 2013 ከሲያትል በስተሰሜን፣ እዚሁ አይ ፋይቭ ላይ፣ የስካጂት ወንዝ ድልድይ ተደረመሰ። ጭነቱ ከፍ ያለ ከባድ መኪና የላይኛውን ብረት ነካው፤ አንዱ ክፍል መኪኖችን ይዞ ወንዙ ውስጥ ገባ። ደግነቱ ሰው አልሞተም። ያ ድልድይ የ1955 ነው፤ ከ1917ቱ ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው። ይህን ያየ ሴኔት ይነቃል ተብሎ ነበር። የዋሽንግተን ሴኔት ግን በሰኔ መጨረሻ የድልድዩን ድርሻ የያዘውን የትራንስፖርት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሕግ ለድምፅ ሳያቀርብ ተበተነ። በዓመቱ ፕሮጀክቱ ሞተ።

ከዚያ ወዲህ አንዱ በሌላው ማመካኘት ነው። ኦሪገኖች እኛ ድርሻችንን አጽድቀን ነበር ይላሉ። የዋሽንግተን ተቃዋሚዎች ደግሞ ሕዝብ እምቢ ያለውን ባቡር ከድልድዩ ጋር የሙጥኝ ያላችሁት እናንተ ናችሁ ይላሉ። የነዋሪዎቹ ቅሬታ ይገባኛል፤ መብታቸውም ነው። ሴኔቱን ግን ይቅር ማለት አልችልም። አይሆንም ከሆነ እጅ አውጥቶ አይሆንም ማለት ነው። ድምፅ ካልተሰጠ ማን ምን እንዳደረገ መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ጥፋቱም ባለቤት ያጣል።

በ2019 የሁለቱ ግዛቶች ገዥዎች፣ ጄይ ኢንስሊና ኬት ብራውን፣ ሥራውን እንደገና ለማስጀመር ፈረሙ። በ2022 ዋሽንግተን፣ በ2023 ኦሪገን አንድ አንድ ቢሊዮን ዶላር መደቡ። የፌዴራሉ መንግሥትም በሁለት ዙር ከ2 ቢሊዮን በላይ ሰጠ። ዋጋው ግን አልጠበቀም። በ2013 ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር የተገመተው ሥራ በ2022 ከ5 እስከ 7.5 ቢሊዮን ተባለ። ባቡሩም ክፍያውም አሁንም ዕቅዱ ውስጥ አሉ።

መዝጊያው ተነሳና መንቀሳቀስ ጀመርን። ጋሼ ግን ገና አልበረደላቸውም። «የምሠራው ፖርትላንድ ነው። የገቢ ግብሬን ለኦሪገን እከፍላለሁ፤ እዚያ ድምፅ የለኝም። አሁን ደግሞ ጠዋት ስሄድ ክፈል፣ ማታ ስመለስ ክፈል ሊሉኝ ነው። ያዘገዩት እነሱ፣ ከፋዩ እኔ?»

እኔ ክፍያው ጨርሶ ይቅር አልልም፤ ያለሱ ገንዘቡ አይሞላም። ነገር ግን እንደ ጋሼ ያለ በየቀኑ ተሻግሮ የሚሠራ ሰው ቅናሽ ሊደረግለት ይገባል። ሂሳቡን የሚወስኑት የሁለቱ ግዛቶች የትራንስፖርት ኮሚሽኖች ናቸው። ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አስተያየትም በጽሑፍ ይቀበላሉ። ቫንኩቨርና ፖርትላንድ ያላችሁ ወገኖች፣ ታሪፉ ከመጽደቁ በፊት ሄዳችሁ ተናገሩ። ጋሼም እሄዳለሁ ብለውኛል።