የ1860ውን ካርቱን ስገዛ ማንም ያልነገረኝ

የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ምርጫ ካርቱኖች መሰብሰብ ስጀምር ነገሩ ቀላል ነበር። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ አየኋቸው፣ የወደድኳቸውን መዘገብኩ፣ ልገዛ ወጣሁ። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው።

የፈለግኩት ኩሪየር እና አይቭስ የተባለው የኒው ዮርክ ማተሚያ ቤት በ1860 ያተመውን፣ ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረውን የሊንከንን ካርቱን ነበር። ደጋፊዎቹ «እንጨት ፈላጩ» እያሉ ያወድሱታል፤ ካርቱኑ ደግሞ ያንኑ የአጥር እንጨት አስጋልቦታል። እንጨቱን በአንድ ጫፍ አንድ ጥቁር ሰው፣ በሌላው ጋዜጠኛው ሆረስ ግሪሊ ተሸክመውታል። ሊንከን አልተመቸውም፣ ፊቱ ላይ ያስታውቃል።

አንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር ውስጥ በፍሬም ተሰቅሎ አገኘሁት። ሻጩ ሰርተፍኬት አለው አለኝ። 400 ዶላር ከፍዬ ይዤው ሄድኩ። ሳምንት ሳይሞላ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ ቤቴ መጣና ማጉያ መነጽር አስጠግቶ «ና፣ ኮቱን እየው» አለኝ። የሊንከን ኮት እንደ ወንፊት በተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሞላ ነው። በድንጋይ ላይ በቅባታም እርሳስ ተሥሎ የታተመ ሥዕል እንዲህ አይሰለፍም፣ ቅንጣቱ የተዘበራረቀ ነው። ሰልፈኛው ነጠብጣብ ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ የፎቶ ህትመት ምልክት ነው።

ይዤው ተመለስኩ። ሻጩ ሰርተፍኬቱን ዘርግቶ «ታሪካዊ ህትመት ነው ይላል እንጂ በ1860 ታተመ የት ይላል?» አለኝ። እውነትም ዓመት የለውም። ምን እንደምፈልግ ሦስቴ ነግሬው ነበር፣ እያወቀ ነው የሸጠልኝ። ገንዘቤን አልመለሰም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ወረቀቱን በእጄ ይዤ ሳላነብ መክፈሌ ደግሞ የባሰ ያናድደኛል።

ሁሉም «ሰርተፍኬት ያለውን ግዛ» ይላል። እኔ ግን ማጉያ መነጽር ግዙ እላለሁ። ሻጩ ፍሬሙን አልከፍትም ካለ ጥላችሁ ውጡ። መጀመሪያ ሃርፐርስ ዊክሊ የተባለውን የያኔ የአሜሪካ ሳምንታዊ መጽሔት ገጾች ፈልጉ፣ በብዛት ስለታተመ ዋጋው ይቀላል። ግን መጽሔቱ ያኔ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀለም ካያችሁበት ሌላ ሰው በኋላ የቀባው ነው።

አሁን ያለኝ የዚሁ መጽሔት የ1872 ገጽ የካርቱን ሠዓሊው የቶማስ ናስት ነው። ያ እንጨት ተሸካሚ ግሪሊ እዚህ ራሱ ከፕሬዚዳንት ግራንት ጋር የሚወዳደር ዕጩ ሆኗል። ናስት የምክትሉን የግራትዝ ብራውንን ፎቶ ስላላገኘ ነው ይባላል፣ ሰውየውን ስሙ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አድርጎ ግሪሊ ኮት ጅራት ላይ አንጠልጥሎታል። መነጽሬን የማሳርፈው ሁልጊዜ እዚያች ወረቀት ላይ ነው። መስመሩ ጥርት ያለ ነው፣ አንድም ነጠብጣብ የለውም።