ሃናካፒአይ ደርሰን መጣን

ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ካዋይ ላይ ያለው የሃናካፒአይ ፏፏቴ ዝም ብሎ ተነስቶ የሚኬድበት አይደለም። ቦታ ቀድሞ መያዝ ግድ ነው። የእግር መንገዱ የሚጀምርበት ፓርክ በቀን 900 ጎብኚ ብቻ ነው የሚያስገባው። ጓደኛዬ "ጫካ ለመግባትም ቀጠሮ!" እያለች ስታጉረመርም አረፈደች። እኔ ግን ደግ አደረጉ ባይ ነኝ። መንገዱ በብዙ ቦታ ጠባብ ነው፤ ባንድ ወገን ተራራ፣ ባንድ ወገን ገደል፣ ከገደሉ ሥር ባሕር። እዚያ ላይ መጋፋት አያምርም።

ቁጥሩ የተገደበው ከጎርፉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 በዚህ የደሴቲቱ ሰሜናዊ ክፍል በ24 ሰዓት ውስጥ 1,262 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ። በአሜሪካ የተመዘገበ ክብረ ወሰን ነው። መንገዱ ተደርምሶ ፓርኩ ከአንድ ዓመት በላይ ተዘግቶ ቆየ።

ከኬኤ የባሕር ዳርቻ እስከ ሃናካፒአይ የባሕር ዳርቻ 3.2 ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ ሽቅብ፣ ከዚያ ቁልቁል። ቀዩ ጭቃ ጫማ ይዞ አይለቅም። የናፓሊ ገደሎች ግን ሲታዩ ድካሙን ያስረሳሉ። ታች ስንደርስ አሸዋው "ና ዋኝ" ይላል፤ ማስጠንቀቂያው ደግሞ "እንዳትሞክረው"። ማዕበሉን የሚሰብር ሪፍ (ከውሃው ሥር ያለ የኮራል አለት) ስለሌለ ውሃው ሰው ይዞ ይሄዳል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ማዕበሉ አሸዋውን ራሱ ጠራርጎ ወስዶ ድንጋይ ብቻ ያስቀራል አሉ።

ከዚያ ወደ ፏፏቴው ሌላ 3.2 ኪሎ ሜትር ሸለቆውን ይዞ መውጣት ነው። ድልድይ የለም። ወንዙን ደጋግሞ በእግር መሻገር አለ። ለእኔ የቀኑ ዋና ነገር ፏፏቴው ሳይሆን ይሄ ወንዝ ነበር። ከላይ ከዘነበ ከራስሽ በላይ ያለው ሰማይ ጠርቶም ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። መሃል ደሴቱ ላይ ያለው ዋይአሌአሌ ተራራ በዓመት በአማካይ ከ9 ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፤ ስለዚህ ላይ መዝነቡ ብርቅ አይደለም። ውሃው ከጉልበት ካለፈ ወይም ከደፈረሰ አትሻገር ይባላል። እስኪጎድል ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው፤ ሌሊቱን ቢሆንም።

ሸለቆው ሰው የኖረበት ነው። ጥንት ጎደሬ ይተከልባቸው የነበሩ የድንጋይ እርከኖች ዛሬም አሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቡና ይለማ ስለነበር የመፈልፈያው ጭስ ማውጫ በጫካ ተውጦ ቆሟል። ቡና እዚህ ድረስ መጥቶ ተትቶ መቅረቱ ትንሽ አናደደኝ።

ፏፏቴው ወደ 90 ሜትር ይሆናል። ከሩቅ ሲያዩት ቀጭን ነው። ሥሩ ሲደርሱ ግን ነፋሱና ርጭቱ ያንቀጠቅጣል። ሰዉ ሥሩ ገብቶ ፎቶ ይነሳል። ድንጋይ ከላይ ሊወርድ እንደሚችል ተጽፎ እያለ! እኛ ራቅ ብለን ተቀመጥን። ጓደኛዬ ልትዋኝ ፈልጋ ነበር፤ ቅልጥሟ ስለተጫረ ከለከልኳት። በደሴቲቱ ወንዞች ውስጥ ከአሳማና ከአይጥ ሽንት የሚመጣ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ በቁስል በኩል ይገባል። "አንቺ ደግሞ ሁሉን ታውቂያለሽ" አለችኝ።

ደመናው ሲወርድ ተነሺ አልኳት። ግማሽ ሰዓት እንጨምር አለች። እምቢ አልኩ። አኮረፈች፤ ሁለት መሻገሪያ ሙሉ ቃል አልተነፈሰችም። ጠዋት ከቁርጭምጭሚታችን ትንሽ ከፍ ይል የነበረው ውሃ ጉልበታችን ጋ ደርሶ ነበር፤ ግን አልደፈረሰም። እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻገርን። እኔ "አየሽ?" አልኩ። እሷ ደግሞ "ጥርት ያለ አይደል እንዴ፣ ግማሽ ሰዓት መቆየት እንችል ነበር" አለች። እራት ላይም ይሄንኑ ስትል ነበር። እስካሁን አልተስማማንም።