ክብደቱ ያልጨመረው ልጅ

በሐዋሳ አንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት ወጣት እናት የዘጠኝ ወር ልጇን ለኩፍኝ ክትባት ይዛ መጣች። ልጁ አልሚ ምግብ ከተጀመረለት ቢሰነብትም ክብደቱ ፈቀቅ አላለም፤ የክንዱ መለኪያም ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ከባድ የምግብ እጥረትን በሚያሳየው ቀዩ ላይ አረፈ። «አልሚ ምግቡን ትሸጠው ይሆናል» አለች አንዲት ባልደረባዬ በሹክሹክታ። ይህ አነጋገር ያመኛል። ድሃ እናትን ሳይጠይቁ መፍረድ ነው።

ልጁ እያለቀሰ ነጠላዋን ይጎትታል፤ እጇ ግን ጉልበቷ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ወደ ሌላ ክፍል ወስጄ በሩን ዘጋሁት።

«እህቴ፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሻል?»

«እሱ ቢተኛም እኔ አልተኛም፣ ሲስተር። ሲያለቅስ ይሰማኛል፣ ልነሣ እላለሁ፤ ሰውነቴ እምቢ ይለኛል።»

የልጁ አባት ጥሏት ሄዷል። ልጁን የሚይዝላት ስላጣች የስፌት ሥራዋን ትታ ቆሎ ትሸጣለች። በአራስነቷ ገንፎ የሚያገነፋላት ዘመድ እንኳ አልነበራትም። «እንዲህ ከምሆን ብሞት ይሻለኛል ብለሽ ታስቢያለሽ?» ስላት አንገቷን ደፍታ «አንዳንዴ» አለች። ብዙዎች ይህን ጥያቄ ይፈሩታል፤ መጠየቁ ግን ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ብቻዋን ከመሸከም ያሳርፋታል እንጂ። በዚያው ቀን የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ባለሙያ አያት፤ የምታምናትን ጎረቤቷንም አስጠርተን አብራት እንድታድር አደረግን።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በታዳጊ አገሮች ከወለዱ እናቶች 20 በመቶ ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል፤ በብዛትም ድባቴ ነው። ወደ እኛ ሲመጡ ግን «ከፍቶኛል» አይሉም፤ «ራሴን ያመኛል»፣ «ጎኔን ይወጋኛል» ይላሉ። ከአልጋዋ መነሣት ላቃታት ሴት ስለ ገንፎ አሠራር ብቻ መክሮ መሸኘት ምን ይጠቅማታል?

አሁን ከ45 ቀኑ ክትባት ጀምረን እናቶችን ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሆድ ብሷቸው፣ ነገር ሁሉ አስጠልቷቸው እንደሆነ ለብቻቸው እንጠይቃለን። አማት አጠገባቸው ካለች መልሱ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነው።

ልጁ ክብደት መጨመር ጀምሯል። እናቱ ግን የቤት ኪራዩ ሐሳብ ስላልለቀቃት እንቅልፏ ገና አልተስተካከለም። የምክር ቀጠሮዋንና የልጇን ክትትል በአንድ ቀን አድርገንላታል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ከገበያ ብትቀር የምትበላው የላትም።