ባሕር አይታ ሸሸች

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ዛሬ ከተራ ነው። እዚህ ሲያትል ዝናቡ አላባራ ብሏል፤ ነጠላችንን በወፍራም ጃኬት ላይ ደርበን ነው ታቦት የምናጅበው። አገር ቤት ያላችሁ ፀሐዩንም አቧራውንም ለእኛ ጭምር ጥገቡልን።

«ባሕርኒ ርእየት ወጐየት፤ ወዮርዳኖስኒ ገብአ ድኅሬሁ።» ባሕር አይታ ሸሸች፣ ዮርዳኖስም ወደ ኋላው ተመለሰ። ይህን እየሰማሁ ያደግሁት ጃን ሜዳ ነው። ያኔ የማውቀው ትልቁ ውኃ የጥምቀተ ባሕሩ ገንዳ ነበር። እሱ ደግሞ ቢሸሽስ የት ይደርሳል?

የሸራ ጀልባ መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ግን ቃሉ ይከብደኛል። እኔ የማውቀው ባሕር አይሸሽም። ይመጣል።

ባለፈው መስከረም ከአንድ ጋሼ ጋር ወጣን። በወጣትነታቸው ምፅዋ ባሕር ኃይል ነበሩ፤ አሁን ትንሽ ጀልባ አላቸው። ባሕሩ በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ፖርት ታውንሰንድ የምትባለውን ከተማ አልፈን ሁዋን ደ ፉካ ወደሚባለው የባሕር ሰርጥ ስንወጣ ውኃው ወደ ፓስፊክ እየጎደለ ነበር። ነፋሱ ደግሞ ከምዕራብ ይገባል። ፖይንት ዊልሰን ከተባለው የብርሃን ማማ ፊት ለፊት ሁለቱ ግንባር ለግንባር ይገጥማሉ። ሞገዱ ያጥርና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጀልባዋ ከአንዱ ወርዳ ሳትቃና ሌላው ይመታታል። ሸራውን አሳጥረነዋል፤ ወገባችን ላይ ያለው ቀበቶ ከጀልባዋ ገመድ ጋር ታስሯል። ቀልድ አይደለም። የዚያ ባሕር ውኃ በበጋም ቀዝቃዛ ነው። የወደቀ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል።

የፈለግሁት መሬት ብቻ ነበር። ቅርብ ነው ደግሞ! ባሕር ዳር ውሻውን የሚያንሸራሽር ሰው ይታየኛል። «ጋሼ፣ እንግባ» አልኩ። ዞር ብለውም አላዩኝ።

«ልጄ፣ ጀልባ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። ወደ ጥልቁ እንውጣ።»

ወጣን። ውኃው አቅጣጫውን እስኪቀይር እዚያው ስንናጥ ቆየን፤ ሲቀይር ረገበ።

ቤት ገብቼ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን አነበብኩ። የጳውሎስ መርከብ 276 ነፍስ ይዛለች። በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ መሬት መቅረቡን ጠረጠሩ። ጥልቀቱን በገመድ ለኩ፤ ትንሽ ሄደው ደገሙት፤ ቀንሷል። ደስ አላላቸውም። ድንጋይ ላይ እንዳይጥላቸው ፈርተው ከኋላ አራት መልሕቅ ጣሉና እንዲነጋ ተመኙ። ስንት ጊዜ አንብቤው አላስተዋልኩትም ነበር። ሁለት ሳምንት የተንገላታ ሰው መሬት አፍንጫው ሥር ሲደርስ ራሱን አስሮ ያቆማል። አድርሰን አላሉም፤ አንጋልን ነው ያሉት። ሊነጋ ሲል ደግሞ ጳውሎስ እህል ቅመሱ ብሎ ለመናቸው፤ እንጀራም ቆርሶ በላ። እኔ ብሆን በዚያ ሰዓት የሚበላልኝ አይመስለኝም።

እኔ እንግዲህ በትርፍ ጊዜዬ፣ ቀበቶ ታጥቄ፣ አዋቂ ሰው አጠገቤ ሆኖ ነው ባሕር የምፈራው። ከጅቡቲ ዳርቻ ወደ የመን የሚሻገሩት ልጆቻችን በጠባብ ጀልባ ላይ ተደራርበው ነው። ደላላው መሬት ሳይደርሱ ውኃ ውስጥ ውረዱ ያላቸው አሉ። በነሐሴ 2025 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የመን ውስጥ አብያን አጠገብ የሰጠመችው ጀልባ አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች የእኛው ልጆች ነበሩ። ለእናቶቻቸው «ባሕር ሸሸች» ለማለት አፌ አይደፍርም።

ነገ ግን እዘምረዋለሁ። ዘንድሮ እንደ ልመና ነው የምዘምረው፤ መንገድ ላይ ላሉት፣ ስልካቸው ለጠፋው፣ ደጅ ደጁን ለሚያዩት ወላጆች።

ጎንደርም ጃን ሜዳም ያላችሁ፣ ጠበሉ ሲረጭ ለእኛም አንድ እፍኝ ወደ ላይ ወርውሩልን። ሲያትል ያላችሁ ደግሞ ጃንጥላ እንዳትረሱ። መልካም በዓለ ጥምቀት!