ቆሮሶዋ አፏን የዘጋች ሰሞን

መጀመሪያ የፈለግሁት የባሕር ፈረስ ነበር። ልጄ ወንዱ የባሕር ፈረስ ሲወልድ በቴሌቪዥን ካየች በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ሴቷ እንቁላሏን ሆዱ ላይ ባለው ከረጢት ትጨምርለታለች፤ እሱ እንደ ዘሩ ዓይነት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይሸከምና ሲደርስ እያማጠ የጥፍር ቁራጭ የሚያህሉ ልጆች ውሃው ውስጥ ይለቃል። «አባዬ፣ እኛም ቤት እናሳድግ» አለችኝ። እኔም ከእሷ ባልተናነሰ ልቤ ተሰቅሎ ስለነበር ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ግን ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ ሐዋሳ ተቀምጦ ያንን ጠብቆ ማቆየት ከባድ ነው። ጨዉ ቢገኝ እንኳ የባሕር ፈረስ ጨጓራ የለውም፤ የበላው ቶሎ ስለሚያልፍ ጨቅላዎቹ ቀኑን ሙሉ በሕይወት ያለ ደቃቅ ምግብ ይፈልጋሉ። ያንን ከየት አመጣለሁ?

መልሱ በሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ቆየኝ። እሁድ ጠዋት ከልጄ ጋር የሄድን ጊዜ ጀልባዎቹ ከሐይቁ እየተመለሱ ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ልማዳቸው የዓሣ አንጀት ለመልቀም ሰው መሃል ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ አንዲት ቆሮሶ ዓሣ ከመረቡ ሲያላቅቁ ከአፏ ቢጫ እንቁላል ዝርግፍ አለ። ልጄ ደንግጣ እጄን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ ምን ሆና ነው?» አልኳቸው።

«እናት ናት። ልጆቿን የምትታቀፈው በአፏ ነው፤ መረቡ ሲያስደነግጣት ትተፋቸዋለች» አሉና እንቁላሉን ከጀልባው ወለል በመዳፋቸው ጠርገው ወደ ውሃው መለሱት። እንደማይተርፍ ያውቃሉ። «ምን ላድርግ ልጄ፣ እንዲሁ ረግጬው ማለፍ አይሆንልኝም» አሉ።

ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። የቆሮሶ ጥብስና ሾርባ ስበላ ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ የሚባለው ለካ እውነት ነው። ልጄ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፦ «የባሕር ፈረሱ በሆዱ፣ ቆሮሶዋ በአፏ፤ አይደል?» የባሕር ፈረሱ ነገር እዚያው አበቃ።

ገንዳውን መስታወት ቤት አሠራሁት። ርዝመቱ 120፣ ወርዱና ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መስታወቱ ባለ 10 ሚሊ ሜትር። ሲሞላ ወደ 300 ሊትር ይይዛል። ውሃው ብቻ ሦስት ኩንታል ይመዝናል ማለት ስለሆነ በብሎኬት መደብ አበጅቼለታለሁ። ታቹን በታጠበ አሸዋ ሸፈንኩት። ዓሣዎቹን ከሐይቁ አላወጣሁም። ወደ ወንዶ ገነት በሚወስደው መንገድ ጓሮው ውስጥ ኩሬ ቆፍሮ ቆሮሶ የሚያረባ ወዳጅ አለኝ፤ የኩሬ ቆሮሶ ደግሞ ከመዳፍ ብዙም ሳትበልጥ፣ በአምስት በስድስት ወሯ እንቁላል ትጥላለች። ለቤት ገንዳ የምትሆነው እንዲህ ያለችው ናት። የሐይቁን ትልቅ ቆሮሶ በመስታወት መካከል ማሰር ግፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ወንድና ሴቱን የለየልኝ ወዳጄ ነው፤ ዓሣውን በእርጥብ ጨርቅ ይዞ ይገለብጥና ከሆዱ ሥር ይመለከታል። ፊንጢጣውን ጨምሮ ሁለት ቀዳዳ ካለው ወንድ ነው፣ ሦስት ካላት ሴት። አንድ ወንድና አምስት ሴቶች ይዤ ተመለስኩ።

ከዚያ ቸኮልኩ። ገንዳው በተሞላ በማግስቱ ስድስቱንም አስገባሁ። የክሎሪኑን ነገር አውቄ የቧንቧ ውሃውን ሁለት ቀን በርሜል ውስጥ ክፍቱን አቆይቼው ነበር። የማላውቀው አሞኒያን ነው። በአምስተኛው ቀን ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ እያወጡ መተንፈስ ጀመሩ፤ በሰባተኛው ቀን ሁለት ሴቶች ሞቱብኝ። ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚቀንሰው ናይትሬት የሚለውጡት በአሸዋውና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። እነሱ በበቂ ሁኔታ እስኪራቡ አንድ ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። እኔ ግን ሰዎቹን ያስገባሁት ገና መፀዳጃ ባልተሠራለት ቤት ነው። አራቱን ያተረፍኳቸው ምግባቸውን እጅግ ቀንሼ፣ በየቀኑ የገንዳውን ሲሶ ውሃ እየቀየርኩ ነው። ስፖንጁንም ከገንዳው በተቀዳ ውሃ እንጂ በቧንቧ ውሃ አላጥብም፤ ክሎሪኑ ያንን የደከምንለትን ባክቴሪያ ይገድለዋል። የእነዚያ የሁለቱ ሞት እስካሁን ይቆጨኛል፤ መታገሥ ብችል ኖሮ የሚድኑ ነበሩ።

ጥቅምትና ኅዳር ምንም ሳይታይ አለፈ። የሐዋሳ ሌሊት በዚያ ወቅት ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ቴርሞሜትሩን ሳየው ውሃው 19 ዲግሪ ነው። በእንዲህ ያለ ቅዝቃዜ ቆሮሶ እንቁላል አትጥልም። ማሞቂያ ገዝቼ 27 ላይ አቆየሁት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ወንዱ መልኩ ተለወጠ፤ ራሱና ደረቱ ወደ ቀይ አደላ። አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ወደ ጎን እየተፋ የሰታቴ ክዳን የሚያህል ጉድጓድ እስከ መስታወቱ ድረስ ቆፈረ። የቀረበውን ሁሉ ያባርራል፤ አንዷን ሴት ብቻ ሲያይ ጅራቱን እያንቀጠቀጠ ዙሪያዋን ይዞራል።

የሆነው ከሰዓት በኋላ ነው። ሴቷ ጉድጓዱ ላይ ሆዷን አስጠግታ ጥቂት እንቁላል ጣለች፤ እሱ በላዩ አለፈ፤ እሷ ወዲያው ዞራ እንቁላሉን በአፏ ሰበሰበች። ደግማ ጣለች፣ ደግማ ሰበሰበች። ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲህ ሲሆን እኔና ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ቃል ሳንተነፍስ አየን። መጨረሻ ላይ አገጯ ሥር ከረጢት ያንጠለጠለች መሰለች፤ አፏን ዘግታ ጥግ ያዘች።

የከፋው ጥፋቴ የመጣው በማግስቱ ነው። ወንዱ ሲያሳድዳት አይቼ ብቻዋን ትሁን ብዬ በመረብ ወደ ሌላ ገንዳ ላዛውራት ሞከርኩ። ሽማግሌው ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ግን መረብ ይዤ ገባሁ። ገና ሲነካት ሁሉንም ተፋችው። ጉድጓዱ ውስጥ ብመልስላት ዞራ አላየችውም። የዓሣ ማራቢያዎች ሆን ብለው ከእናቲቱ አፍ ወስደው፣ ውሃ ከታች እየገፋ በሚያገላብጥ ዕቃ እንደሚያስፈለፍሉት አንብቤ ስለነበር ሃይላንድ ቆርጬ በአየር ፓምፕ ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን እንቁላሉ ነጭ ሻጋታ ለብሶ አገኘሁት። ልጄ አልወቀሰችኝም፤ ያ ዝምታዋ ነው የከበደኝ።

ሁለተኛ ጊዜ እንቁላል የጣለችው ሁዳዴ ላይ ነው። በዚህኛው ጊዜ እሷን አልነካኋትም። ማታ መብራቱን አጥፍቼ፣ እሷ ጥጓን ይዛ እንዳለች፣ ወንዱንና ሁለቱን ሴቶች አወጣሁ። መስታወቱን በግማሽ በጨርቅ ሸፈንኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ አለመነካካት ብቻ ሆነ፤ ከሁሉም የከበደኝ ይኸው ነበር። ብዙ ጊዜ እጄ ወደ ገንዳው ሄዶ ተመልሷል።

ምግብ ጣል ባደርግላት አጠገቧ እየሰመጠ ዝም ትለዋለች። እማዬ ጠዋት ጠዋት ቡናዋን ይዛ ፊት ለፊቷ ትቀመጥ ነበር። «እሷም ጾም ይዛለች» ትለኛለች፤ ከቤት የሚወጣውንም የሚገባውንም «ድምፅ ቀንሱ፣ አራስ አለች» ትላለች። ቆሮሶዋ መንጋጋዋን በቀስታ ታንቀሳቅሳለች፤ የምታኝክ ይመስላል፤ እንቁላሎቹን እያገላበጠች ንጹሕ ውሃና አየር እንዲያገኙ ማድረጓ ነው። በስድስተኛው ቀን አፏን ትንሽ ስትከፍት ውስጡ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አየሁ። ዓይኖች ነበሩ። ተፈልፍለዋል፤ ግን ሆዳቸው ላይ ያለውን የእንቁላል አስኳል እስኪጨርሱ እዚያው ይቆያሉ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ልጄ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰችኝ። እናትየዋ አፏን ከፍታ እንደ ጭስ ያለ ነገር ታወጣለች፤ ጠጋ ስንል ጫጩት ነው። በስልኬ ካነሳሁት ፎቶ ስቆጥር 140 ያህል ሆኑልኝ። ልጄ ክንዷን ስታነሳ ጥላዋ ገንዳው ላይ ወደቀ፤ እናትየዋ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ አፏን ከፈተች፣ ጫጩቶቹም ተግተልትለው ገቡ። ይህን አምስት ቀን ያህል አደረገች። ሆዷ ገብቶ ራሷ ብቻ የገነነ እስኪመስል ከስታ ነበር።

በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆመ። ዓሣ ባለበት ገንዳ አየር የሚያልቀው ሰው ከሚገምተው ቀድሞ ነው፤ በተለይ ውሃው ሞቃት ሲሆን። እኔና ልጄ፣ በኋላም እማዬ፣ ተራ በተራ ውሃውን በጣሳ እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን በቀጭኑ ስናፈስ እስከ እኩለ ሌሊት ቆየን። በባትሪ ብርሃን ስናይ ጫጩቶቹ አንድም የሉም፤ ሁሉም አፏ ውስጥ ናቸው። አሁን በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ አለኝ፤ ሌላ ነገር ሳይገዛ መጀመሪያ መገዛት ያለበት እሱ ነበር።

ጫጩቶቹን የቀቀልኩትን የእንቁላል አስኳል በነጠላ ጨርቅ እያጣራሁ መመገብ ጀመርኩ፤ ይበላሉ፣ ግን የተረፈው ውሃውን ያበላሻል፤ በሳምንቱ ሠላሳ ያህል ሞቱ። የተሻለው ምንም ያልወጣበት ነው፦ በርሜል ውሃ ፀሐይ ላይ ትቼ አረንጓዴ ሲሆን በየቀኑ አንድ ጣሳ መጨመር። ቆሮሶ በተፈጥሮዋ ከውሃው ደቃቅ አረንጓዴ ለቅማ የምታድግ ናት። ጠንከር ሲሉ የደረቀ ዓሣ ከፋጉሎ ጋር አልሜ በወንፊት ነፍቼ ሰጠኋቸው።

በሁለት ወራቸው ገንዳው ጠበባቸውና ዘጠና ገደማውን ወደ ወዳጄ ኩሬ መለስኳቸው። ሐይቁ እዚሁ አጠገባችን ሳለ ለምን እዚያ አትለቃቸውም ያሉኝ አሉ። የገንዳ ዓሣ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ በሐይቁ ብዙ ቤተሰብ ይተዳደራል፤ አላደርገውም።

እናትየዋ ሥጋዋ እስኪመለስ አንድ ወር ብቻዋን አቆይቼ አበላኋት። በዚያው ሰሞን አሞራ ገደል ሄጄ ሽማግሌውን ፈለግኳቸው። መረብ እየጠገኑ ነበር። ስልኬን አውጥቼ ጫጩቶቹ ከአፏ ሲወጡና ሲመለሱ የቀዳሁትን አሳየኋቸው። መረቡን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስትተፋቸው ነው ያየሁት» አሉ። «ስትጠራቸው አላየሁም።»

ሲያልቅ ስልኩን አልመለሱልኝም። «እስቲ ድገመው ልጄ» አሉኝ።