አያልቅም እኮ

ዛሬ ምንም ደስ አላለኝም። ምክንያቱን ፈልጌ አላገኘሁትም። ዝናቡ ይሆናል። ወይም ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ቃለ መጠይቅ ስናደርግ መዋላችን።

ለእምቦጩ ፕሮጀክት የኮሙኒኬሽን አማካሪ ልንቀጥር ነው። (እምቦጭ ያ ጣና ሐይቅን የወረረው አረም ነው። ፕሮጀክቱም፣ አዎ፣ አሁንም አልሞተም።) እኔንም ኮሚቴው ውስጥ ከተቱኝ። ቢጋሩ (የሥራ ዝርዝሩ) የተለመደው ነው፦ ግንዛቤ ማስጨበጥ፣ አጭር ዶክመንተሪ፣ የሬዲዮ ስፖት፣ ባነር፣ ካኔቴራ። ካኔቴራ የሌለበት ፕሮጀክት እስካሁን አልገጠመኝም። ውሉ የስድስት ወር ነው።

ተወዳዳሪዎቹ መጥፎ አልነበሩም። አንዱ ድሮን አለኝ አለ። ሌላው "እምቦጭን ከምድረ ገጽ እናጠፋዋለን!" ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ ሻዩ ተንቀጠቀጠ። ሰብሳቢያችን ፊቷ በራ። ሪፖርት ላይ የምትጽፈው ዓረፍተ ነገር ተገኘላት።

ከዚያ አንዲት ልጅ ገባች። "በስድስት ወር ውስጥ ምን ለውጥ እናያለን?" ተባለች። ትንሽ ዝም አለችና፣ "ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እምቦጭ እኮ አያልቅም" አለች። "ይህን ለሰው በመንገር ነው የምጀምረው።"

ሰብሳቢያችን እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ማርክ መስጫው ቅጽ ላይ "የመልእክት ግልጽነት" የሚል ረድፍ አለ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ከየት ይመጣል? ለጋሽ ፊት ይዞ መቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው። ቅጹን ለነገ ጠዋት አስረክባለሁ ብዬ ቤት ይዤው መጣሁ።

እውነቷን ነው እኮ። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሊቆይ ይችላል። ከቁራጩም ይበቅላል፤ ማሽን ቆራርጦ የጣለው ፍርፋሪ ሌላ እምቦጭ ይሆናል። ቀለቡ ደግሞ ከላይ ይወርድለታል። ርብ፣ ጉማራና መገጭ ከደጋው አፈሩንም ማዳበሪያውንም ጠርገው ጣና ያስገቡለታል። እኛ ከታች እንነቅላለን፣ እሱ ከላይ ይቀለባል። ቆቃ ሐይቅ ላይ መታየቱ የተነገረው በፈረንጆቹ 1965 ነው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ እምቦጭ የሚበላ ጢንዚዛ ለቀቁበትና ክፉኛ ቀነሰ። ከዓመታት በኋላ በኬንያ በኩል ተመልሶ መጣ። አገሩ አማዞን ነው። ዓለምን የዞረው አበባው ስለሚያምር በሰው እጅ ነው። በእውነትም ያምራል፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ጣና ላይ የተመዘገበው በ2011 ነው፣ በፈረንጅ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። አንድ ሰሞን አገሩ ሁሉ እምቦጭ እምቦጭ አለ። ተዘፈነለት። ተማሪው ለዘመቻ ወረደ። ውጭ ያለው ወገን ለማሽን መግዣ አዋጣ። ፎቶ ያልተነሳ የለም፤ እኔም ቦቲ አድርጌ የተነሳሁት አለኝ። ከዚያ ሌላ ወሬ መጣ። የደንቢያና የፎገራ ገበሬ ግን ሌላ ወሬ አልመጣለትም። ከእኛ በፊትም ከእኛ በኋላም እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ይነቅላል። ውሃው ሲሸሽ እምቦጩ ማሳውና ግጦሹ ላይ ይቀርበታል። ለዚህ ሰው የምናስጨብጠው ምን ዓይነት ግንዛቤ ነው?

ዘመቻ የምንወደው ማለቂያ ስላለው ይመስለኛል። መክፈቻ አለው፣ ንግግር አለው፣ ምሳ አለው፣ መዝጊያ አለው። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ፣ ሐይቁ ሲሞላ፣ ያንኑ ውሃ እንደገና መግባት ግን ምን ይባላል? ማን ይዘፍንለታል? እናቴ ግቢዋን በየጠዋቱ ትጠርጋለች። አንድም ቀን "ቆሻሻን ከምድረ ገጽ አጠፋለሁ" ስትል ሰምቻት አላውቅም። ባነርም አላሰቀለችም። ግን ደግሞ እናቴን ማንም ፈንድ አድርጓት አያውቅም።

እንግዲህ የማያልቅ ነገር ለሰው እንዴት ይነገራል? ብትነግረው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። "ያልቃል" ብትለው ደግሞ በሦስተኛው ዓመት አያምንህም፤ እሱም ይተወዋል። የትኛው መተው ይሻላል?

ቅጹን ገልብጬ ጀርባው ላይ ፖስተር መሞከር ጀመርኩ። "እምቦጭ አያልቅም፤ ኑ እንንቀል።" በዚህ ማን ይመጣል? ሰረዝኩት። "ዘንድሮም እንንቀል።" ትንሽ ይሻላል። "እንደ አምናው ሁሉ ዘንድሮም፣ እንደ ዘንድሮው ሁሉ ለከርሞም..." እዚህ ላይ እህቴ ከኋላዬ ቆማ ስታነብ ኖሯል።

"ይህን ጽፎ ገንዘብ የሚቀበል ሰው አለ?" አለችኝ።

"እኔ በነፃ ነው" አልኳት።

"እሱማ ያስታውቃል።"